«ከተጠየቅሽ ለስብሰባ ነው የመጣሁት በይ» አሉኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 20 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት አዲስ አበባ ቢሆንም ያደግኩት እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ዜግነቴም አሜሪካዊ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ ቢዝነስ ነው የማጠናው። በሚመጣው ሰመር ሻንጋይ ውስጥ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ድርጅት ቢሮ ለአሥር ሳምንት ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ። ያገናኘኝ ኤጀንሲ «እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍያውን በሙሉ ካልከፈልሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎኛል። ስለ ቪዛ ስጠይቃቸው ደግሞ «በንግድ ቪዛ ግቢ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው፤ ከተጠየቅሽ ለስብሰባ ነው የመጣሁት በይ» አሉኝ። እናቴ ይህን አልሰማችም፤ ገና «ቻይና» ስላት ነው ማልቀስ የጀመረችው። አባቴ «የጂቡቲን ባቡር የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሂጂ ተማሪ» ይላል። ቻይንኛ ሁለት ሴሚስተር ተምሬያለሁ፤ ግን ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ጥቁር መሆኔም ያሳስበኛል። ጾሞቼንም መጾም እፈልጋለሁ። ስመረቅ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የመግባት ሐሳብ አለኝና ቻይና መሄዴ ያንን ያበላሽብኝ ይሆን? ልሂድ ወይስ ልቅር?

ግራ የገባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ጥያቄ አለ፤ የእኔ ዓይን ግን «ለስብሰባ ነው የመጣሁት በይ» የሚለው ላይ ተተክሎ ቀረ። ይህን ያለሽ ሰው ዋሺ እያለሽ ነው። የቪዛ ፎርሙ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፤ አየር ማረፊያ ፖሊስ ፊት የምትቆሚውም አንቺ ነሽ፤ እሱ ያን ጊዜ ኮሚሽኑን ቆጥሮ ጨርሷል። ስለዚህ ስለ ምግብና ስለ ቢሮ ጠባይ ከማውራታችን በፊት ይህንን እንጨርስ።

ኤም የሚባለው የንግድ ቪዛ ዕቃ ለሚያይ፣ ፋብሪካ ለሚጎበኝ፣ ውል ለሚፈራረም ሰው የተዘጋጀ ነው። ጓንግዦው ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚካሄደው ትልቅ የንግድ ትርዒት የሚሄድ ነጋዴ በዚህ ይገባል። ለአሜሪካዊ ብዙ ጊዜ የአሥር ዓመት ሆኖ ስለሚሰጥ ደግሞ ያሻውን ሁሉ የሚያስደርግ ይመስላል። አሥር ሳምንት ሙሉ ጠዋት እየገቡ ማታ እየወጡ የድርጅቱን ጉዳይ ማስኬድ ግን ጉብኝት አይደለም፤ ሥራ ነው። «ደሞዝ አይከፈለኝም» ማለትም ብቻውን አያድንም። ከጁላይ 2013 ጀምሮ የሚሠራበት የቻይና የመግቢያና መውጫ ሕግ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን እንዲቀጣ ይላል፤ ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን እስር ይጨመርበታል። አሠሪውም በአንድ ሰው 10,000 ዩዋን ይከፍላል። ከአገር መባረርም አለ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው» ያሉሽ ነጭ ውሸት ነው አልልም። ቻይና ስማርና ስሠራ እንደዚያ ገብተው፣ ሠርተው፣ ፎቶ ተነሥተው በሰላም የተመለሱ ልጆች አይቻለሁ። ሰላም የሚሆነው ግን ማንም እስካልጠየቀ ድረስ ነው። ከድርጅቱ ጋር የተጣላ ሠራተኛ ወይም ተወዳዳሪ ነጋዴ ለፖሊስ ጥቆማ የሰጠ ቀን መጀመሪያ ፓስፖርቱን አምጣ የሚባለው የውጭ ዜጋው ነው። ደግሞ ጥቆማ ባይኖር እንኳ አስቢው፦ ቃል የተገባልሽን አበል ቢከለክሉሽ፣ ሥራ ቦታ ወድቀሽ ብትጎጂ፣ አለቃሽ ነውረኛ ሆኖ ቢገኝ ለማን ትከሻለሽ? አንቺው ሕግ ጥሰሽ ቁጭ ብለሻልና አፍሽን ሞልተሽ መናገር አትችዪም። ለእኔ ከቅጣቱ የሚከፋው ይህ ነው።

ምናልባት ደግሞ «እንግዲያው ያለ ቪዛ ግቢ» የሚል ይመጣ ይሆናል። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ አሜሪካውያንን ጨምሮ የብዙ አገር ዜጎች ወደ ሦስተኛ አገር ሲያልፉ ቻይና ውስጥ 240 ሰዓት ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ። ለአገር ጎብኚ ግሩም ነው፤ ላንቺ አይሆንም።

ትክክለኛ መንገድ ግን አለ። ከኦገስት 2019 ጀምሮ የቻይና የኢሚግሬሽን አስተዳደር የታወቁ የአገሪቱ ድርጅቶችና ተቋማት የሚጋብዟቸው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለልምምድ ብቻ የሚሆን፣ እስከ አንድ ዓመት የሚያገለግል ቪዛ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ለልምምድ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበታል። ይህን ማስጨረስ ያለበት ጋባዡ ድርጅት ነው፤ ያንቺ ድርጅት «የታወቀ» ተብሎ ይቆጠራል ወይ የሚለውን የሚመልሱትም የሻንጋይ የመግቢያና መውጫ ባለሥልጣኖች እንጂ ኤጀንሲው አይደለም። ሌላው መንገድ ረዘም ይላል፦ ቻይና ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ለመማር ከሄድሽ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ይኖርሻል፤ የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ ተስማምቶ ፈቃድሽ ላይ የልምምዱ ቦታና ጊዜ ከተጻፈበት በሕግ ቢሮ ገብተሽ ትለማመጃለሽ።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ነገር አንድ ነው። ኤጀንሲውን አልፈሽ ለድርጅቱ ራሱ ጻፊ። ያንቺን ጉዳይ በስሙ የሚይዝ ሰው ማን ነው? ጠረጴዛሽ አጠገብ የሚቀመጠው አለቃሽ ማን ይባላል? የግብዣ ደብዳቤው ላይ «ልምምድ» የሚል ይጻፋል ወይስ «የንግድ ጉብኝት»? የሥራ ሰዓቱ፣ አበሉ፣ ኢንሹራንሱ የት ላይ ተጽፏል? ከዚያ በቪዲዮ እንገናኝ በያቸው። የሰው ኃይል ክፍሉ ስምሽን የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ኤጀንሲው «በቀጥታ ማውራት አይፈቀድም» ካለሽ፣ የተሸጠልሽ ቦታ ገና የለም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለመሥራት ገንዘብ መክፈል የሚባለውን ነገር ድሮም አልወደውም፤ ከተከፈለም የሚከፈለው ይህ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የሥራ ሰዓቱ ይጻፍ ያልኩሽ ለወግ አይደለም። በቻይና ሕግ የሠራተኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 44 ነው። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ማታ ሦስት (በፈረንጅ ሰዓት ከ9 እስከ 9)፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራትን እነሱ «996» ይሉታል፤ በኦገስት 2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራሱ ሕገ ወጥ ነው ብሎታል። ተማሪ ተለማማጅ ግን በአብዛኛው እንደ ሠራተኛ ስለማይቆጠር ያ ሕግ አንቺን በቀጥታ አይሸፍንሽም፤ ሥራ ላይ ብትጎጂ ሠራተኛ የሚያገኘው መድንም እንዲሁ። አንቺን የሚጠብቅሽ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ከቻልሽ ዩኒቨርሲቲሽም ሦስተኛ ፈራሚ ይሁን። የትምህርት ክሬዲት የሚሰጡሽ ከሆነ አይከብዳቸውም፤ የጉዞ ኢንሹራንሱንም በእነሱ በኩል ማግኘት ትችያለሽ።

እንደደረስሽ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ የምታርፊበት ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለብሽ። ሆቴል ካረፍሽ ሆቴሉ ይመዘግብሻል፤ አፓርታማ ከሆነ ግን ከአከራዩ ጋር ሄደሽ ራስሽ ነሽ የምታስመዘግቢው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ፓስፖርትሽም ከቦርሳሽ አይለይ፤ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ ይዞት እንዲዞር ሕጉ ያዛል።

ወደ ፌዴራል ሥራሽ ልምጣ፤ ከቪዛው ጋር የተያያዘ ነውና። ቻይና ሄዶ መማርም ሆነ መለማመድ በራሱ በር አይዘጋም፤ እንዲያውም ቋንቋውን የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። የሚዘጋው መደበቅ ነው። የሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ) የሚያስፈልገው ሥራ ስታመለክቺ የሚሰጥሽ ኤስኤፍ 86 የሚባል ፎርም ባለፉት ሰባት ዓመታት የት አገር እንደሄድሽ፣ ከየትኛው የውጭ ዜጋ ጋር ቅርብ ግንኙነት እንዳለሽ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ የት እንደሠራሽ ይጠይቅሻል። «ሻንጋይ ሠርቻለሁ፤ ቪዛዬ ግን ለስብሰባ ነበር» ብለሽ ልትሞዪው ነው? ወይስ እዚያም ልትዋሺ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ያዢ፦ አድራሻሽን፣ የአለቃሽን ሙሉ ስም፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ቀን። ከዓመታት በኋላ ይህን ማስታወስ ጭንቅ ነው።

በዚሁ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ፍርድ ቤት የታየ፣ በይፋ የሚታወቅ ነው። ከሚሽጋን የሄደ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በ2004 ሻንጋይ ሳለ ስለ አሜሪካና ቻይና ግንኙነት ጽሑፍ የሚጽፍ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቶ ጻፈ፤ 120 ዶላር ተከፈለው። ከዚያ ወዳጅነት መጣ፣ ከወዳጅነቱ ደግሞ ገንዘብ፤ በጠቅላላው 70,000 ዶላር ገደማ። ወዳጆቹ የቻይና የስለላ ሰዎች ነበሩ፤ የፈለጉትም ሲአይኤ ገብቶ እንዲሠራላቸው ነበር። በ2011 አራት ዓመት ተፈረደበት። ይህን የምነግርሽ ያገኘሽውን ቻይናዊ ሁሉ እንድትጠረጥሪ አይደለም፤ እንደዚያ ሆነሽ ከምትሄጂ ብትቀሪ ይሻላል። ከሥራሽ ጋር የማይገናኝ፣ ለትንሽ ጽሑፍ ብዙ የሚከፍል፣ ስለ ወደፊት የመንግሥት ሥራሽ ደጋግሞ የሚጠይቅ «ወዳጅ» ከመጣ ግን በትህትና ራቂው፤ ቆንስላውንም አሳውቂ። የድርጅቱን ፋይል ወደ ግል ኢሜይልሽ አትላኪ፤ በ2023 የተሻሻለው የጸረ ስለላ ሕጋቸው ሰፊ ነው፤ ምን ሰነድ እንደሚነካ አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል።

ሣርም የምታጨሺ ከሆነ (አላልኩሽም፤ የማውቀው ነገር የለም) ከጉዞው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተዪው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ 21 ዓመት ለሞላው ቢፈቅዱም የቻይና ፖሊስ ሽንትና ፀጉር መርምሮ ውጭ አገር ለተወሰደው ጭምር ሊቀጣ ይችላል።

አሁን ወደ ቢሮው። «የቻይና ቢሮ እንዲህ ነው» ብሎ በአንድ ቃል የሚነግርሽን አትመኚው። ሻንጋይ ያለ የውጭ ባንክ ቅርንጫፍና ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ቦርሳና ጫማ የሚልክ ድርጅት ለየቅል ናቸው። ያንቺ ወደ ሁለተኛው የሚያደላ ይመስለኛል። እዚያ ከሆነ የሚፈልጉሽ ለእንግሊዝኛሽ ነው፦ ለደንበኛ የሚላክ ኢሜይል ማስተካከል፣ የዕቃ መግለጫ መጻፍ፣ የማጓጓዣ ዋጋ ማሰባሰብ፣ ናሙና መከታተል። መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል። ግን ድርጅቱ ወደ አሜሪካ የሚልክ ከሆነ ሀብት ላይ ነው የተቀመጥሽው። በኤፕሪል 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ታሪፍ 145 በመቶ ደርሶ በሚቀጥለው ወር ወደ 30 ሲወርድ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ ዋጋ በየቀኑ ነበር የሚሰላው። ያን ጊዜ ማን ወጪውን ተሸከመ፣ የትኛው ደንበኛ ቀረ፣ የትኛው ምርት ወደ ቬትናም ዞረ? የዋጋ ስሌቱን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ክፍል ውስጥ የሚያስተምርሽ የለም።

ጠይቂ ስልሽ ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም። አንቺ የሐበሻ ቤት ልጅ ነሽ። ታላቅ ሲናገር አታቋርጪም፣ ካልሰጡሽ አታነሺም፣ «ምን ይሉኛል» ትያለሽ። እነሱም ይህንኑ ናቸው፤ ዕቃና ቢዝነስ ካርድ በሁለት እጅ ሲቀባበሉ ስታይ ቤትሽ ያለሽ ይመስልሻል። ይህ ብዙ ነገር ያቀልልሻል፤ ሌላ አሜሪካዊ ተማሪ ወራት የሚፈጅበትን አንቺ በሳምንት ትለምጂዋለሽ። አደጋውም እዚያው ነው። አለቃሽ አንቺን ላለማስጨነቅ ሥራ አይሰጥሽም፤ አንቺ እሱን ላለማስቸገር ሥራ አትጠይቂም፤ ሁለታችሁም ጨዋ ሆናችሁ አሥሩ ሳምንት ያልቃል። ከሐበሻ ልጆች ቻይና ውስጥ ይህ የደረሰባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ይሉኝታውን ለምሳ ጠረጴዛ አስቀሪውና በየሰኞው ለአለቃሽ ለብቻው አጭር መልእክት ላኪ፦ ባለፈው ሳምንት ይህን ጨረስኩ፣ በዚህ ሳምንት ይህን ልሥራ ወይ? ሰው ፊት አትጠይቂው፤ ለብቻው ሲሆን መልሱ የተሻለ ይሆናል። «እናየዋለን»፣ «ትንሽ አይመችም» ካለሽ አይሆንም ማለቱ ነው፤ ከአባትሽ ጋር ያደግሽ ልጅ ይህን አስተርጓሚ አያስፈልግሽም።

ሥራው የሚተላለፈው በኢሜይል ሳይሆን ዊቻት በሚባለው የመልእክት መተግበሪያቸው ነው፤ አንዳንድ ቦታ በዲንግቶክ። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚመዘገበውም ብዙ ጊዜ እዚያው ስልክ ላይ ነው። አለቃው ግሩፑ ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ ሁሉም ተራ በተራ «ሾውዳው» ብሎ ይመልሳል፤ ደርሶኛል እንደማለት ነው። አንቺም ጻፊ። ዝም ካልሽ አላየችውም ወይም አኩርፋለች ይባላል። መልእክቱ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ማታም ይመጣል፤ አንዳንዴም የበዓል እረፍትን ለማካካስ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሥራ ቀን ይሆናል፤ አትደንግጪ።

ሰውን በስሙ ብቻ አትጥሪ። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ማዕረጉ ይከተላል፤ ሥራ አስኪያጁ ዋንግ ከሆኑ «ዋንግ ጂንግሊ» ነው የምትያቸው። እኩዮችሽ ግን የእንግሊዝኛ ስም ይኖራቸውና በእሱ ጥሪን ይሉሻል። ምሳ አብረሻቸው ውጪ፤ ሳንድዊችሽን ይዘሽ ኮምፒውተር ፊት ብትቀመጪ ሥራ ወዳድ ሳይሆን ብቸኛ ነው የምትመስዪው። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ አንዳንዱ ታጣፊ አልጋ ዘርግቶ ሲተኛ ብታዪ አትሳቂ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ስልክ ማውራት ካለብሽ ውጪ። እንዲያውም ተኚ፤ እኔ እስካሁን የሚናፍቀኝ ነገር እሱ ነው።

ማታ ደግሞ አለቃው ሳይነሣ ማን ይነሣል የሚል ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተመልከቺ። ከዚያ ሥራሽን ስትጨርሺ ተነሥተሽ «ልሄድ ነው፣ የቀረ ነገር አለ?» በዪ፤ ተደብቆ እንደመውጣት የሚያስቀይም ነገር የለም። ከደንበኛ ጋር እራት ከወሰዱሽ ባይጂዩ የሚባለው ኃይለኛ አረቄያቸው ይመጣል። ለሃይማኖቴ ነው ብለሽ በሻይ ብታጋጪ ማንም አይቀየምሽም፤ ብርጭቆሽን ብቻ ከታላቁ ሰው ብርጭቆ ዝቅ አድርጊ። «አሜሪካዊት ባልደረባችን» ብለው ቢያስተዋውቁሽ ይሁን፤ «የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊያችን» ካሉሽ ግን በነጋታው ለአለቃሽ ለብቻው ይህ እንዳይደገም ንገሪው። የውጭ ሰው ፊት ለደንበኛ ማሳያ አድርጎ የማቆም ልማድ እዚያ አለ፤ ኋላ ደንበኛው ቢከስ ስምሽ ይነሣል።

ጥቁር መሆንሽን ነገር አልሸፋፍንልሽም። ሜትሮ ውስጥ ያፈጡብሻል፣ ፎቶ ያነሡሻል፣ ፀጉርሽን ልንካው የሚል አሮጊት ይመጣል። ይህ አብዛኛው የማወቅ ጉጉት ነው፤ ቢያደክምም። ከዚያ የከፋም ተደርጓል፤ በኤፕሪል 2020 ጓንግዦው ውስጥ አፍሪካውያን በኮሮና ሰበብ ከአፓርታማና ከሆቴል ሲባረሩ ዓለም አይቷል። ቢሮ ውስጥ የሚገጥምሽ ደግሞ ሌላ ነው፦ «አሜሪካዊት ነኝ» ስትዪ «ግን ከየት ነሽ?» ይሉሻል። ከኮሮና በፊት ከ11,000 በላይ አሜሪካውያን ቻይና ውስጥ ይማሩ ነበር፤ በኋላ ከአንድ ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ሺ ጂንፒንግ በኖቬምበር 2023 በአምስት ዓመት 50,000 ወጣት አሜሪካውያንን እንጋብዛለን ያሉትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ባልደረቦችሽ አሜሪካዊ የሚያውቁት በፊልም ይሆናል፤ በአእምሯቸው ያለው ነጭ ነው። ሁለቱንም ንገሪያቸው፤ አሜሪካዊት ነኝ፣ የተወለድኩት ኢትዮጵያ ነው። ሻንጋይ በካፌዎቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ ይርጋጨፌ በየሜኑው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል። ጉጉቱ ስድብ የሆነ ቀን ግን መሳቅ የለብሽም፤ ያ በስሙ የምታውቂው የሰው ኃይል ኃላፊ የሚያስፈልግሽ ለዚህም ነው።

ስለ ጾሙ። ሰመር ላይ ፍልሰታ ይገጥምሻል፤ ረቡዕና ዓርቡም አለ። «ወ ቺ ሱ» በያቸው፤ የጾም ብቻ ነው የምበላው እንደማለት ነው፤ የቡድሃ አማኞች ስላሉ ይገባቸዋል። አትክልት ነው ያሉሽን ሁሉ ግን አትመኚ፤ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል፣ በዶሮ መረቅ ይሠራል፣ በሞራ ይጠበሳል። በፍስክ ቀን አሳማ ለመሸሽ የላንዦው ኑድል የሚሸጡትን የሙስሊም ቤቶች ፈልጊ፤ በየሰፈሩ ናቸው። እናትሽ «ማን ባርኮ ያረደው ነው?» ካለችሽ የዚያን መልስ ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ፤ እኔ አልገባበትም።

ከመሄድሽ በፊት ስልክሽን አዘጋጂ። ዊቻትና አሊፔይ እዚህ ሆነሽ ጫኚ፣ በፓስፖርትሽ አረጋግጪ፣ የባንክ ካርድሽን አያይዢ፤ እዚያ ሻይ የሚከፈለውም፣ ሜትሮ የሚገባውም በስልክ ነው። በውጭ ካርድ ከ200 ዩዋን በላይ ስትከፍዪ 3 በመቶ ይቆረጣል፤ ከዚያ በታች ነፃ ነው። ጂሜይል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም በአገሩ ኢንተርኔት አይሠሩም። የአሜሪካ ሲምሽን ሮሚንግ ከፍተሽ ከያዝሽው አብዛኛውን ጊዜ ይሠሩልሻል፤ ዩኒቨርሲቲሽ የሚልክልሽ ኮድ እንዳይቀርብሽም እሱን አትዝጊ።

ለእናትሽ የቪዛውን ነገር ሳትደብቂ ንገሪያት። ያለቀሰችው ስለማታውቀው ነገር ነው፤ ወረቀቱን ስታይ የምትጠይቀው ጥያቄ ከኤጀንሲው የተሻለ ይሆናል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2024 ለቻይና የሚሰጠውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ወደ ደረጃ ሁለት ዝቅ አድርጎታል፤ ተጠንቅቃችሁ ሂዱ እንጂ አትሂዱ አይልም። ሰዎች ከአገር እንዳይወጡ ሊታገዱ እንደሚችሉ ግን ይጠቅሳልና አብራችሁ አንብቡት። በመሥሪያ ቤቱ የተጓዦች መመዝገቢያም ስምሽን አስገቢ። ዊቻት በእናትሽ ስልክ ላይ ጫኚላት፤ በሰመር የሰዓቱ ልዩነት ልክ 12 ስለሆነ ላንቺ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለእሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሥራ ሳትገባ ታገኝሻለች።

አባትሽ ሂጂ ማለቱ ልክ ነው፤ በዚህ ቪዛ ግን አይደለም። ለድርጅቱ ዛሬውኑ ጻፊ። የልምምድ ቪዛውን እናስጨርሳለን ብለው በስማቸው ከፈረሙልሽ ሂጂ፣ ዓይንሽን አትሺ። ወሩ ሲያልቅ «ካልከፈልሽ ቦታው ሄደ» የሚል መልእክት ከኤጀንሲው ይመጣል፤ ድርጅቱ እስከዚያ ካልመለሰልሽ ይሂድ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ የውጭ ትምህርት ቢሮ ገብተሽ ቻይና ውስጥ ሙሉ ዓመት ስለሚያስተምር ፕሮግራም ጠይቂ፤ የማመልከቻው ቀን ሳያልፍብሽ።